ለጂኦካሺንግ ሣጥን የሚሆን ዕቃ የሚገዛባት የቸርችል ጎዳና ሱቅ

ከዋናው ፖስታ ቤት ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ለሚወርድ ሰው፣ ትልቁን መንገድ ትቶ ወደ ውስጥ ገባ ሲል፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ስፋቷ ከበሯ ብዙም የማይበልጥ ሱቅ አለች። በሯ ላይ «የስጦታ ዕቃዎች» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም የላትም። የባህል ልብስና ትልልቅ ሥዕል የሚፈልጉ ጎብኚዎች አልፈዋት ይሄዳሉ፤ በመስኮቷ የተደረደረው ሁሉ ጥቃቅን ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን በመሀል አዲስ አበባ ጂኦካሺንግ ለሚጫወት ሰው ከዚህች ሱቅ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምክንያቴ ረዘም ስለሚል አንባቢ ይታገሠኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ሣጥን ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በጨዋታው መተግበሪያ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሣጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። ሣጥኑ ሰፋ ያለ ከሆነ ትንንሽ ዕቃዎች ይኖሩታል፤ የወደደ ሰው አንዱን ወስዶ በምትኩ የራሱን ይተዋል። መለዋወጥ ግዴታ አይደለም። ሣጥኑን ማግኘታችሁ የሚመሰከረው በፊርማችሁ ነው እንጂ በወሰዳችሁት ዕቃ አይደለም። ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ፈርመው ብቻ ይሄዳሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም።

የልውውጡ ሕግም አጭር ነው። የወሰደ ሰው ዋጋው የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ነገር ይተዋል፤ የሚተወው ከሌለው አይወስድም። ሕጉ ቀላል ቢመስልም የሚፈትን ነው። በገበያ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሲስማሙም ሻጩ ምርቃት ይጨምራል። በሣጥኑ ፊት ግን ማንም የለም። ከእናንተ በፊት የመጣው ሄዷል፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን አታውቁትም። ሚዛኑን የምትይዙት ራሳችሁ ናችሁ፤ የማታውቁት ሰው ድርሻ የሚለካውም በእናንተ እጅ ነው።

በባለቤቱ ፈቃድ ያስቀመጥሁትና እስከ ዛሬ የምጠብቀው አንድ ሣጥን አለኝ፤ ቦታውን እዚህ ብጽፍ ለሌላው ጨዋታውን ማበላሸት ይሆናል። ሣጥኑን መጀመሪያ የሞላሁት ለልጆች በሚሆኑ ነገሮች ነበር። ከጊዜ በኋላ ስከፍተው የማገኘው የደረቀ እስክሪብቶ፣ የተጨማደደ የካፌ ደረሰኝ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ መጠቅለያው የተቀደደ ማስቲካ ሆነ። አንድ ቀን በመዝገቡ ላይ የልጅ እጅ በሆነ ትልልቅና ዘመም ባለ ፊደል «የሚወሰድ ነገር የለም» ተብሎ ተጽፎ አነበብሁ። ያ ልጅ ፀሐይ ላይ ሲፈልግ ውሎ ነው ይህን ያገኘው። ደረሰኙን የተወው ሰው ክፉ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ለሣጥን የሚሆን ዕቃ አስቀድሞ ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል እላለሁ። ወደዚህች ሱቅ የምሄደውም ለዚህ ነው።

የሱቋ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መደርደሪያቸው በጠርሙስ ማሰሮዎች የተሞላ ነው፤ በአንዱ ዶቃ፣ በአንዱ ዛጎል፣ በአንዱ ብይ፣ በአንዱ የድሮ ሳንቲም። ማሰሮውን አውርደው ባንኮኒው ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ይዘረግፉና አንድ በአንድ እንድትመርጡ ይተዉአችኋል። አይቸኩሉም፣ አያስቸኩሉም።

ሳንቲሞቹ ከሁሉ ይበልጡብኛል። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች በአንድ ፊታቸው የአንበሳ ራስ አላቸው፤ ዓመቱም የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ፣ ፲፱፻፷፱ ተብሎ ነው። በሌላው ፊት ግን እያንዳንዱ የተለየ ሥዕል ይዟል። በአንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ በሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት አሉ። በአሥሩ ላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ቆሟል። አሥር ሳንቲሙን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት የአጋዘኑ ቀንድ ጠመዝማዛ እስከ ጫፉ ይታያል። ዛሬ በአሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር የለም። ከሩቅ አገር የመጣ ተጫዋች ግን በኪሱ ይዞት ይሄዳል፤ የአዲስ አበባ ልጅም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አይቶት አያውቅም። ውሃ አያበላሸውም፣ አይሰበርም፣ በትንሹ ሣጥን ውስጥም ይገባል። ለልውውጥ የሚሆን ዕቃ ማሟላት ያለበትን ሁሉ ያሟላል። ጋሼ ደብዛዛውን በርካሽ፣ ምስሉ ጥርት ያለውን ደግሞ ትንሽ ጨምረው ይሸጣሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ በታች ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከገበያ የወጡት የብር ኖቶችም አሉ። ሞሶብ የምትሰፋዋ ሴት ያለችበት የድሮው አሥር ብር ውብ ነው። ወረቀት ስለሆነ ግን በዚፕ በሚዘጋ ላስቲክ ካልታሸገ በአዲስ አበባ ክረምት ሻጋታ ይይዘዋል።

ከሳንቲሙ ቀጥሎ ብይ ነው። በየሰፈራችን አፈር ላይ ተንበርክከን የተጫወትንበትን ብይ ለሣጥን የሚሆን ዕቃ አድርገን አለማሰባችን ያስገርመኛል። መስታወት ስለሆነ ዝናቡም ፀሐዩም አይጎዳውም፤ ልጅ የሚባል ሁሉ ይወደዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በጣም ሕፃን የሆነ ልጅ ወደ አፉ ሊያስገባው ስለሚችል ብይና ዶቃ ያለበትን ሣጥን ወላጅ ይክፈተው። ሱቋ ውስጥ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከሠሩት ጥለት የተቆረጠ ቁራጭም ይገኛል፤ ጠርዙ ተሰፍቶ መጽሐፍ መሀል የሚቀመጥ ምልክት ሆኗል። ከአውራ ጣት የማይበልጡ የሸክላ ጀበናዎችም አሉ፤ ያምራሉ፣ ለሣጥን ግን አልመክራቸውም። መጀመሪያ የሚሰበረው አፋቸው ነው፤ ቀጥሎ የሚያገኘው ሰው የሸክላ ስባሪ ይጠብቀዋል።

አሁን ደግሞ እዚያው መደርደሪያ ላይ ስላሉና ወደ ሣጥን መግባት ስለሌለባቸው ነገሮች። ከአዲስ አበባ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ቡና ነው፤ ጋሼም በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ጥሬ ቡና ይሸጣሉ። ቡና ምግብ ነው፤ ምግብ በሣጥን ውስጥ ክልክል ነው። ጉንዳንና አይጥ ይጠራል፣ እርጥበት ሲነካው ይሻግታል፣ ሌላውንም ዕቃ ያበላሻል። ዕጣንና ከርቤ ምግብ ባይሆኑም ሽታቸው ያው ነው፤ የሸተተውን ሁሉ እንስሳ ጎትቶ ያወጣዋል፣ የፕላስቲክ ክዳን ደግሞ ጥርስን አይችልም። ሽታ ያለው ሳሙናና ሻማም እንዲሁ። ክብሪት፣ ላይተር፣ ቢላዋ፣ መጠጥና መድኃኒት ፈጽሞ አይገቡም፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይበቃል።

የሚገርመው፣ ጨዋታው ሲጀመር ይህ ሕግ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ትክክለኛነት ሆን ብሎ ማዛባቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ ባለ ጫካ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ግማሽ አካሉን ቀብሮ ተወ። ውስጡ መጽሐፍ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የካርታ ሶፍትዌር፣ ገንዘብ፣ ወንጭፍና ምግብ ነበረበት። ጥቂት ውሰዱ፣ ጥቂት ተዉ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ባልዲ የመጣ ነው። ምግቡና መሬት ቆፍሮ መቅበሩ ግን ቀርተዋል፤ ዛሬ ምግብ አይፈቀድም፣ መሬት መቆፈርም ያለ ቦታው ባለቤት ፈቃድ አይቻልም።

ስለ መስቀል የተጻፈ ሕግ የለም፤ የምለው የራሴን ነው። በሱቋ ግድግዳ ላይ ከነሐስና ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ መስቀሎች ተሰቅለዋል፤ ልካቸው ለሣጥን ልክ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይገዛቸዋል። መስቀል ግን መሬት ላይ አይጣልም። አንዱ ለበረከት አስቦ ይተወዋል፣ ሌላው ከብይና ከቁልፍ መያዣ ጋር ተደባልቆ ሲያገኘው ልቡ ይከፋል፣ ሦስተኛው ሃይማኖቱ ሌላ ስለሆነ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ሦስቱንም የሚያስማማው አለማስገባት ነው። ቆየት ያሉ ዕቃዎችን በተመለከተ ደግሞ ሕግም አለ። የብራና ቅጠልም ሆነ አሮጌ መስቀል ቅርስ ሆኖ ከተገኘ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ሣጥን ውስጥ ብትተዉት የሚወስደው እንግዳ ቦሌ ላይ በማያውቀው ነገር ሊጠየቅ ይችላል።

ጋሼን ያከበርኋቸው በጠገራ ብር ምክንያት ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቂት ማርትሬዛዎች አሏቸው፤ መቼም ተመትተው ይሁን ሁሉም 1780 የሚል ዓመት ተጽፎባቸዋል። አንዱን ለሣጥኔ ልግዛ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ጥሩ ነገር ቢኖርበት ሌላውም ጥሩ ነገር ይተዋል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው «የሚወስደው ልጅ ምን ሊተካ ነው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጨዋታውን አንድም ቀን ያልተጫወቱ ሰው፣ በጣም ውድ ዕቃም ልውውጡን እንደሚያበላሽ አስረዱኝ። የሚመጣጠን ነገር የሌለው ልጅ ወይ ሳይወስድ በቅሬታ ይሄዳል ወይ ወስዶ ባለዕዳ ይሆናል። ገዢ መጥቶላቸው መልሰው የሚያሰናብቱ ነጋዴ ብዙ አላየሁም።

ሌላም ቀን አለ። በር አጠገብ ካለው የቁልፍ መያዣ ማንጠልጠያ ላይ፣ ከቆዳ አንበሶች መሀል አንድ ጠፍጣፋ ብረት ተሰቅሎ አየሁ። ከፊቱ የጥንዚዛ ምስል፣ ከሥሩ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ምልክት ተቀርጾበታል፤ በአጭር ሰንሰለትም ከአንዲት የላስቲክ ዳክዬ ጋር ታስሯል። ትራቭል በግ (Travel Bug)፣ በእኛ ቋንቋ «ተጓዥ ጥንዚዛ» እንደ ማለት ነው። ትራቭል በግ የልውውጥ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከአገር ወደ አገር እንዲጓዝ ለቆት በመተግበሪያው ላይ መንገዱን ይከታተላል። የወሰደው ሰው በምትኩ ምንም እንዲተው አይገደድም፤ ግዴታው መውሰዱን መመዝገብና ወደ ሌላ ሣጥን ማድረስ ነው። አስቀርቶ የቤት ጌጥ ማድረግ ግን የሰው ንብረት መያዝ ነው።

ለጋሼ ነገርኋቸው። አንድ ልጅ አምጥቶ እንደሸጠላቸው፣ ከየት እንዳመጣውም እንዳልጠየቁት አስረዱኝ። ዋጋውን ልክፈል ብል እጃቸውን አወዛወዙ፤ «አደራ ከሆነማ ይሂድ፤ ዳክዬዋንም እንዳትለያያት» አሉ። ዳክዬዋ ከብረቱ ጋር ተጉዛ እንደመጣች ማንም አልነገራቸውም፤ በራሳቸው ገባቸው። ብረቱን ሱቁ ውስጥ ማግኘቴን መዝግቤ፣ ወደ ውጭ ለሚሄድ ተጫዋች ሰጠሁት። ለአዲስ ተጫዋቾች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የትራቭል በግን ፎቶ ስታወጡ ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍኑ። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ሳይነካው እንዳገኘው አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፤ የባለቤቱም የጉዞ መዝገብ ይበላሻል።

ወደ ሱቋ ጉድለት ልምጣ፤ አለባትና። ዋጋ አልተለጠፈም። ለእኔ ችግር አይደለም፤ ልጅ ግን ለመጠየቅ ያፍራል፣ ከውጭ አገር እንግዳ ጋር ስሄድ ደግሞ የሚያግዛቸው ወጣት የሚጠራው ዋጋ ከፍ ይላል። ስለ ትክክለኛ ልውውጥ ለምናስብ ሰዎች ይህ ደስ አይልም፤ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። ሁለተኛው ጉድለት ሣጥኖቹ ናቸው። የሚሸጧቸው የፕላስቲክ ምግብ መያዣዎች ክዳናቸው ላይ ጎማ የላቸውም። በበጋ ይበቃሉ፤ ከሰኔ በኋላ ግን የመጀመሪያው ዶፍ ይገባባቸዋል። ክዳኑ በአራቱም በኩል የሚቆለፍና ዙሪያውን ጎማ ያለበት መያዣ ከሌላ ቦታ ግዙ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ይሸጥባቸው የነበሩት ጥቁር የፕላስቲክ ብልቃጦች ግን እዚህ አሉ፤ ከተዘጉ ፎቶ ቤቶች የተሰበሰቡ ናቸው። ለማይክሮ፣ ማለትም ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነው ሣጥን ይሆናሉ፤ ሙሉ በሙሉ ውሃ ስለማይከላከሉ መዝገቡን በትንሽ ዚፕ ላስቲክ አሽጉት። በዚህ መጠን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሳንቲም ለመጨመር ብላችሁ ክዳኑን አታስጨንቁት። ልውውጥ የሚያምረው ከ1 ሊትር በላይ በሚይዘው፣ ሬጉላር በሚባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ በመሀል ከተማ ግን እንዲህ ያለ ሣጥን መደበቂያ ማግኘት ይከብዳል።

እግረ መንገዴን፣ እርሳስ ከዚሁ ግዙ። እርጥበት ባለው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ እርሳስ ይጽፋል። ጋሼ ተቀርጾ ሊያልቅ የደረሰ የሚመስል አጫጭር እርሳስ ለብቻው በማሰሮ አላቸው፤ ሣጥን ውስጥ ልክ ይሆናል።

የገዛችሁትን ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ በመሀል አዲስ አበባ እንዴት እንደሚለዋወጡ አስቡበት። በዚህ አካባቢ ዐይን የማይደርስበት ጥግ የለም። ሊስትሮው ያያል፣ ሎተሪ ሻጩ ያያል፣ የየሕንፃው ጥበቃም ሥራው ማየት ነው። ሣጥኑ ፊት ቁጭ ብሎ ዕቃ መዘርገፍ ሁለት ጉዳት አለው፤ ጥበቃውን ያሳስባል፣ መደበቂያውንም ያስነቃል። ስለዚህ ሣጥኑን በእርጋታ አንስታችሁ ትንሽ ራቅ ባለ አግዳሚ ወንበር ወይም ኬክ ቤት ተቀመጡ። እዚያ ከፍታችሁ ፈርሙ፣ ለዋውጡ፣ እርጥቡን ጥረጉ፣ ላስቲኩን አሽጉ፤ ከዚያ ሰው ሲቀንስ ወደ ቦታው መልሱ። ጥበቃ ከጠየቃችሁ ሳትደብቁ ከፍታችሁ አሳዩ። ብይና ሳንቲም ያየ ጥበቃ ፈገግ ይላል፤ የሚያፈገፍግና የሚደብቅ ሰው ሲያይ ግን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በድልድይ አጠገብ ደግሞ ቀድሞውኑ ሣጥን መደበቅ አይገባም።

የወሰዳችሁትንና የተዋችሁትን በመተግበሪያው ላይ መጻፍም ልማድ ይሁን። «ብይ ወሰድሁ፣ የአጋዘን ሳንቲም ተውሁ» የሚል አንድ መስመር የሣጥኑን ባለቤት ከብዙ ድካም ያድናል፤ ሣጥኑ ባዶ መሆን አለመሆኑን ቤቴ ሆኜ አውቃለሁ። እርጥብ መዝገብ፣ የተሰነጠቀ ክዳን ካያችሁም ጻፉ።

ሱቋ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ናት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ለምሳ ትዘጋለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጋሼ እንደ ድካማቸው ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ለትልቅ ኖት መልስ ፍለጋ ወጣቱ ጎረቤት ሲሄድ ትጠብቃላችሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ፤ አምስተኛውን ዋጋ ሲለጠፍ እጨምራለሁ። ሳንቲም የምትፈልጉ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ አሥር ሳንቲሙ ቀድሞ ያልቃል።